የአበል ዝርዝሩ ላይ ማን ይገባል?

ይህን በይፋ የሚናገር ስለሌለ እኔ ሹክ ልበላችሁ። ወላይታ፣ ዱቦ ላይ እንዳለው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ስላሉ ትልልቅ ተቋማት አይደለም የማወራው። ከዱቦ እስከ አረካና ሶዶ ስላሉት፣ በሁለት ሦስት ደመወዝተኛና በብዙ በጎ ፈቃደኛ ስለሚንቀሳቀሱት ትንንሽ ማኅበራት ነው። እዚያ ቤት ቂም የሚጀምረው በአንዲት ወረቀት ነው፤ በውሎ አበል ዝርዝር።

ሶዶ ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና ሲመጣ ስም የሚያዘው ብዙ ጊዜ በዋዜማው ማታ፣ ቢሮ በቀሩ ሰዎች ነው። በክረምት ጭቃ ቤት ለቤት እየዞረች አጎበሩ መሰቀሉን የምታየው፣ እናቶችን በወላይትኛ የምታስረዳው ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የሰብሳቢው ዘመድ አለ። እሷ ዓመቱ ሲያልቅ የምስጋና ወረቀት ይደርሳታል። ማንም አይከራከርም፤ በቀጣዩ ወር ግን የሚመጣው በጎ ፈቃደኛ ይቀንሳል። ቢሮው «ወጣቱ ሰነፈ» ይላል። ወጣቱ ዝርዝሩን አይቷል።

ሌላው ምስጢር «በጎ ፈቃደኛ» የሚባለው ጥበቃ ነው። በየቀኑ በሰዓቱ ይገባል፣ በአለቃ ይታዘዛል፣ በየወሩ «የኪስ ገንዘብ» ይቀበላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ስለገደበ፣ ሰውየውን ከፔሮል ማውጣት ሒሳቡን ያሳምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን በአሠሪ መሪነት፣ ለደመወዝ የሚሠራን ሰው ሠራተኛ ይለዋል። የጽሑፍ ውል ከሌለው አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። ጡረታ ሲኖር አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ከፔሮል የወጣ ሰው ሲያረጅ ይህ ሁሉ ይቀርበታል።

መድኃኒቱን እድር ያውቀዋል። በብዙ እድር ጡሩምባ ነፊው ይከፈለዋል፤ ድንኳን የሚተክለው አባል አይከፈለውም። ሆኖም ቅሬታ አይነሳም፤ ደንቡ በሁሉም ፊት ተነብቧል፣ ከቀብር የቀረም ሀብታም ይሁን ድሃ እኩል ይቀጣል።

ሰብሳቢ የሆናችሁ፣ እባካችሁ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። የሠልጣኞችን ስም ከነምክንያቱ ቀደም ብላችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የበጎ ፈቃደኛውን የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ለደመወዝተኛው በምትከፍሉበት ተመን፣ በዕለቱ ክፈሉ። በየቀኑ እየገባ የሚሠራላችሁን ሰው ደግሞ ውል አስፈርሙት።