ስሙ ዞረ እንጂ እሴቱ አልተነካም

ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ ውስጥ ለስልክ ማዞሪያዎች የተሠራ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ጆ አርምስትሮንግ፣ ሮበርት ቨርዲንግና ማይክ ዊሊያምስ ናቸው የፈጠሩት። ኤሊክሲር ብራዚላዊው ጆዜ ቫሊም እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው ታናሹ ነው። ሁለቱም ቢም በተባለው አንድ ሞተር ላይ ይሠራሉ። በሁለቱም አንዴ የተፈጠረ እሴት አይለወጥም። ብዙ ጥሪ በአንድ ጊዜ በሚስተናገድበት ማዞሪያ ውስጥ ይህ ትልቅ ዋስትና ነው፤ አንዱ ሥራ የያዘውን እሴት ሌላው ሊቀይርበት አይችልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። በኤርላንግ «ዋጋ = 5» ካሉ በዚያው ፈንክሽን ውስጥ «ዋጋ = 6» ማለት አይቻልም። የእኩል ምልክቱ ግራና ቀኙ መግጠሙን ይፈትሻል፤ አልገጠመምና ሥራው በስሕተት ይቆማል። ኤሊክሲር ግን ሁለተኛውን መስመር ያለ ቅሬታ ይቀበላል። ይህን ያዩ ሰዎች «ኤሊክሲር የታላቅ ወንድሙን ሕግ ጣሰ» ይላሉ። አልጣሰም፤ የዞረው ስሙ ብቻ ነው። በሬ የታሰረበትን ገመድ ፈትተው ሌላ በሬ ቢያስሩበት የመጀመሪያው በሬ ቀንዱም ቀለሙም እንደነበረ ነው።

ማስረጃ ለሚሻ የምወዳት ሙከራ አለች። «ዋጋ = 5» ይበሉ። ዋጋን የምትመልስ ስም የለሽ ፈንክሽን ይሥሩ። ቀጥለው «ዋጋ = 6» ይበሉና ፈንክሽኗን ይጥሯት። የምትመልሰው 5 ነው! በፓይተንም ሆነ በጃቫስክሪፕት ይኸው ሙከራ 6 ይሰጣል፤ እዚያ ፈንክሽኑ የያዘው ተለዋዋጩን ራሱን ስለሆነ በኋላ የተጻፈበትን ያያል። የኤሊክሲሯ ግን ስትሠራ የነበረውን እሴት ይዛ ቀርታለች። ኮምፓይለሩ ሁለቱን «ዋጋ» የሚያያቸው እንደ ሁለት የተለያዩ ተለዋዋጮች ነው። የኤርላንግ ጸሐፊዎች ዋጋ1፣ ዋጋ2፣ ዋጋ3 እያሉ በእጃቸው የሚሰጡትን ቁጥር እሱ ይሠራላቸዋል ማለት ነው። የእጅ ቁጥር መዘዙ ብዙ ነው፤ መሃል ላይ አንድ እርምጃ ከተጨመረ የበታቹ ሁሉ መታረም አለበት፣ አንዱ ቢረሳ ደግሞ አሮጌው እሴት ማንም ሳያየው ያልፋል።

እሴት ካልተለወጠ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፣ ሜሞሪ ያልቃል ብለው የሚሰጉም አሉ። ነገር ግን በዝርዝር ራስ ላይ አንድ ነገር ሲጨመር አዲሱ ዝርዝር የአሮጌውን አካል እንዳለ ይጋራል፤ የማይለወጥን ነገር መጋራት አያሰጋም።

የሰው የኤሊክሲር ኮድ ሳነብ የሚያናድደኝ ግን አንድ ልማድ አለ። በ«ኢፍ» ውስጥ «ዋጋ = 10» ይጻፍና፣ ውጭ ያለው ዋጋ እንደነበረ ሲገኝ ቋንቋው ይወቀሳል። ውስጥ የተሰጠ ስም ውስጥ ይቀራል። ኮምፓይለሩም ይህ ተለዋዋጭ ጥቅም ላይ አልዋለም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ እባካችሁ ማስጠንቀቂያውን አንብቡ። የሚያስፈልገው የ«ኢፉን» ውጤት ራሱን ለዋጋ መስጠት ነው፦ «ዋጋ =» ብሎ ጀምሮ «ኢፉን» ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ መጻፍ።