ጣቴን አይወድም

የመጀመሪያ ስማርት ስልኩን የያዘ ትልቅ ሰው ስታዩ ጣቱን ተመልከቱ። ጠቋሚውን ቀጥ አድርጎ፣ የጥፍሩን ጫፍ መስታወቱ ላይ ተክሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይገፋል። ስልኩ ዝም ይላል። እንደገና ጠበቅ አድርጎ ይገፋል፤ አሁን ደግሞ ያልፈለገው ነገር ብድግ ብሎ ይከፈታል። «ይሄ የእናንተ የልጆቹ ነው» ብሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ዕድሜውም ትምህርቱም አይደለም ያሸነፈው። መስታወቱ እንዴት እንደሚሠራ የነገረው ስለሌለ ነው።

መርካቶ ስልክ ስንገዛ የምንጠይቀው ይታወቃል፦ ስንት ጂቢ ነው? ካሜራው እንዴት ነው? ባትሪው ይቆያል? መስታወቱ ትዝ የሚለን ወድቆ ሲሰነጠቅ ብቻ ነው። እኔ ግን ከስልኩ ሁሉ እሱን ነው የማደንቀው፤ የሚገባውን ክብር ያላገኘም እሱ ነው።

ባለ ቁልፍ ስልክ የሚያውቀው ግፊትን ነው። ቁልፉ ዝቅ ሲል ከሥሩ ያለው ነገር ይገናኝና ቁጥሩ ይጻፋል። የስማርት ስልክ መስታወት ግፊት የሚባል ነገር አይሰማውም። ከሥሩ በዓይን የማይታዩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ስስ መስመሮች እንደ ድርና ማግ ተላልፈው ተዘርግተዋል። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል፣ ብርሃንም ኤሌክትሪክም ከሚያሳልፍ ነገር ነው። መስመሮቹ በሚተላለፉበት በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ጥቂት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይቀመጣል። የሰው ገላ ደግሞ ውሃና ጨው ስላለበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ጣት ጠጋ ሲል ከነጥቡ ላይ ጥቂቱን ወደ ራሱ ይስባል። ስልኩ ነጥቦቹን በየሰከንዱ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ እየዞረ ይፈትሻል። የጎደለበትን ሲያገኝ ጣት እዚያ እንዳለ ያውቃል። መግፋት ምንም አይጨምርም፤ ለስለስ ያለ ንክኪ ይበቃዋል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። በእንግሊዝ አገር ማልቨርን በነበረው የራዳር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ኢ. ኤ. ጆንሰን ስለዚህ ዓይነት ስክሪን የጻፈው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያሰበውም ለአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪዎች ነበር። በሕዝብ እጅ በስፋት የገባው አይፎን በ2007 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን ግን ሌላ ዓይነት ታች ስልክም ነበር። እንደ ኖኪያ 5800 ያሉት ሁለት ስስ ንጣፎች ተጫጭነው ሲገናኙ የሚሠሩ ነበሩ። ለእነሱ ጥፍርም ይሠራል፣ አብራቸው የምትመጣው ቀጭን ብዕርም ትሠራለች፣ «ጫን በለው» የሚለው ምክርም ልክ ነበር። ስልኮቹ ከገበያ ጠፉ፤ ምክሩ ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ ይሰጣል።

የሰፈራችን አንዲት እናት ልጃቸው ከጅዳ ስልክ ላከችላቸው። «ልጄ፣ ጣቴን አይወድም» አሉኝ። የቤቱ ልጆች ሳቁ። እሳቸው ግን እውነታቸውን ነበር! ዕድሜ ልኩን ምጣድ ላይ የኖረ ጣት ጫፉ ይጠነክራል፣ ይደርቃል። ደረቅና ወፍራም ቆዳ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ መስታወቱ ጣቱን በቅጡ አያየውም። የገበሬም፣ የግንበኛም፣ የሸማኔም ጣት ይኸው ነው። ጥፍርማ ጭራሹኑ አይታየውም።

እሳቸው ታዲያ ብር እንደሚቆጥሩት ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አስነክተው ይሞክሩ ነበር፤ ይሠራላቸዋልም። ልጆቹ በዚህም ሳቁ፤ ሳይንሱን የያዙት ግን እሳቸው ነበሩ፣ ቆዳው ሲረጥብ ያስተላልፋል። የሚሻለው እጅን ታጥቦ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባትና እስኪመጠው መታገሥ፣ ከዚያም በጣት ጫፍ ሳይሆን ለስላሳ በሆነው በሆዱ መንካት ነው። ውሃው ሲበዛ ደግሞ መስታወቱ ጠብታውን ከጣት መለየት ያቅተዋል። ዕቃ እያጠቡ በረጠበ እጅ ስልክ አንስቶ «አበደብኝ» ማለት ተገቢ አይደለም። በርካሽ ቻርጀር ሰክቶ የሚነካ ሰውም እንዲሁ ይላል፤ የተበላሸ ቻርጀር የሚለቀው የኤሌክትሪክ ረብሻ መስታወቱን ያምታታዋል፣ ማንም ሳይነካው ይከፍታል ይዘጋል። ንቀሉትና እዩት፤ ወዲያው ልብ ይገዛል።

አሁን ወደ ትልቁ ጣጣ። ስልኩ ኃይል ባያውቅም ጊዜን ያውቃል። ነክቶ ወዲያው ማንሳት አንድ ትእዛዝ ነው፤ ነክቶ መቆየት ፍጹም ሌላ። ጀማሪ ሰው እርግጠኛ ለመሆን ጣቱን ያቆያል፤ ያኔ የኢሞ ምልክት ከቦታው ይነሳል፣ ወይም «ይጥፋ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ደንግጦ አንዱን ይነካል፣ ልጁን የሚያገኝበት አፕ ካይኑ ይሰወራል። «ምንም ሳልነካው ጠፋ» ሲል አትቆጡት፤ እሱ የሚያውቀው አንድ ጊዜ ብቻ መንካቱን ነው። ለዚህ መላ አለ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ ስልኩ «ቆየ» ብሎ የሚቆጥረውን ጊዜ ከአጭር ወደ ረጅም መቀየር ይቻላል። የሚገኝበት ቦታ እንደ ስልኩ ዓይነት ይለያያል እንጂ አይጠፋም። እዚያው አካባቢ ፊደሉንም አተልቁላቸው።

የልጅ ልጆች ቲክቶክ ለመጫን፣ የጥሪውን ድምፅ ለመቀየር አንደኛ ናቸው፤ ይህችን ግን የሚያውቃት ጥቂት ነው። ከዚያም የከፋው «አምጪው እኔ ልሥራልሽ» ብሎ ከእጅ መንጠቅ ነው። ጣታቸው መቼ ሊለምድ ነው? እናንተ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ በአፍ ብቻ አስረዱ። ስድስት ጊዜ ቢሳሳቱ ስልኩ አይፈነዳም።

የቀረው ቀላል ነው። ዳታ ካልፈለጉት ይዘጋ፣ የቴሌ ቀሪ ሂሳብ በ*804# ይታያል፣ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም፣ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ላለም ቢሆን። ሚስጥር ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ የስልኩ ሽፋን ውስጥ መክተትም ይቅር፤ ሌባው ሁለቱን ባንድ ላይ ነው የሚወስደው።

ጥሪ መቀበል ግን ለብቻው መለማመድ ይፈልጋል። አረንጓዴውን ምልክት መንካት በብዙ ስልኮች ላይ አይበቃም፤ ነክቶ ሳያነሱ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን መጎተት ነው። እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው፤ በስስ ጨርቅ ውስጥ ያለ ገላም መስታወቱን ሊያታልለው ስለሚችል፣ መንካት ብቻ ቢበቃ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ በራሱ ጊዜ ያነሳ ነበር። ጉንጭም ለመስታወቱ ጣት ነው፤ ስለዚህ ከላይ በኩል ያለች ትንሽ ዳሳሽ ስልኩ ጆሮ ላይ መጠጋቱን አይታ ስክሪኑን ታጠፋዋለች። ተጣሞ የተለጠፈ ፕሮቴክተር ከሸፈናት ስክሪኑ እንደጠፋ ይቀራል፣ ጥሪውን መዝጋትም ያስቸግራል፤ ስልኩ ሳይሆን ፕሮቴክተሩ ይቀየር።

ልምምዱ ገንዘብ አይፈጅም። አንዱ ልጅ ጓዳ ገብቶ ይደውል፣ እሳቸው ሳሎን ሆነው ይጎትቱ። ሳይነሳ ከቀረ ሚስድ ኮል ነው፣ ሂሳብ አይቆጥርም፤ ደግሞ ይደወል። ሲነሳ ነው እንግዲህ ቶሎ መዝጋት፤ ጓዳና ሳሎን ሆኖ ማውራት ለቴሌ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።