ሚጥሚጣ ሳይነካው የሚቃጠል አፍ

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ስሟ ሲነሣ ጥሬ ሥጋዋ አብሮ ይነሣል። ቆረጥ ተደርጎ ሚጥሚጣ ያስነኩት ብርንዶ ገና ከአፍ ሲገባ ከምላስ ሥር ምራቅ ይፈልቃል። ከጆሮ ፊት ለፊት ካለው ትልቁ ዕጢም ቀጠን ያለ ምራቅ ይወርዳል፤ መውጫው በላይኛው መንጋጋ ጥርስ ትይዩ፣ ጉንጭ ላይ ያለች ትንሽ እብጠት ናት፣ በምላስ ቢፈልጓት ትገኛለች። ቃጠሎውም ጥቂት ቆይቶ ይበርዳል።

ሚጥሚጣ ሳይቀምስ አፉ ሲቃጠል የሚውል ሰው ግን አለ። ሐኪሞች «በርኒንግ ማውዝ ሲንድሮም» ይሉታል። ቃጠሎው በየቀኑ ከ2 ሰዓት በላይ እየቆየ ከ3 ወር ያልፋል፤ ምላሱ ሲታይ ግን ቁስል የለውም። በብዛት የሚያጠቃው ያረጡ ሴቶችን ነው። ብዙዎቹ ጠዋት ቀለል ይላቸውና ወደ ማታ ይብስባቸዋል፤ ሲበሉ ደግሞ ጋብ ይላል። ምላሳቸውን መረር ወይም ብረት ብረት ይላቸዋል፣ «አፌ ደረቀ» ይላሉ።

ታዲያ ጥፋቱ የምራቅ ነው? መለኪያው ቀላል ነው፦ ታማሚው ጎንበስ ብሎ፣ ሳያኝክና ሳይውጥ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል ምራቁን ወደ ብልቃጥ ያንጠባጥባል። ጤነኛ ሰው በደቂቃ 0.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ያወጣል፤ ከ0.1 በታች ከሆነ በርግጥ አንሷል። የሚገርመው፣ አፌ ደረቀ ከሚሉት ከእነዚህ ታማሚዎች የብዙዎቹ ምራቅ በቂ ሆኖ ይገኛል። አንዳንድ ጥናቶች ሳያኝኩ የሚወጣው ቀንሶ፣ ይዘቱም ተለውጦ አግኝተዋል፤ ሁሉም ግን አልተስማሙም። እኔን የሚያሳምነኝ የነርቭ ነገር ነው። የሚጥሚጣን ቃጠሎ የሚቀበለው የነርቭ መቀበያ በአንዳንድ ታማሚዎች ምላስ ላይ በዝቶ ታይቷል።

ይህ ስም ከመሰጠቱ በፊት ሌላው ሁሉ መጣራት አለበት፦ የብረትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ስኳር፣ የአፍ ፈንገስ። መድኃኒትም ይጠየቃል። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ኢናላፕሪል አልፎ አልፎ አፍ ያቃጥላል፤ ይህን የጠረጠረ ሰው በራሱ ከማቋረጥ ሐኪሙን ያማክር። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ጉደኛ ነው፤ ለዚሁ ሕመም ይታዘዛል፣ ራሱ ግን አፍ ያደርቃል። በሐኪም ትእዛዝ የሚሞከረው ሌላው ክሎናዜፓም ነው፤ ክኒኑ ሳይዋጥ አፍ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ተይዞ ይተፋል። የሚያሟሟው ያው ምራቅ ስለሆነ፣ አፉ በርግጥ ለደረቀ ሰው ይህ መንገድ ያስቸግራል።