የማይዘጋው ቀዳዳ

መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ገብቼ «ለሰፋ የፊት ቀዳዳ ምን አላችሁ?» አልኩ። ሻጩ ፊቴን አየት አድርጎ ጽሑፍ የሌላት ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። «ይቺ ተደባልቃ የተሠራች ናት፤ በሳምንት ድምጥማጡን ታጠፋልሻለች።»

«ምን አለባት?»

«እህቴ፣ ውጤቱን እዪ እንጂ!»

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 እንደጻፈው፣ ገዢ ጥራቱን መለየት ካልቻለ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል። እዚህ ግን ሻጩም የሚሸጠውን አያውቅም።

የቆዳ ቀዳዳ ጡንቻ ስለሌለው እንደ በር አይዘጋም። ስፋቱ ከዘር፣ ከፊት ወዝና ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድና ሬቲኖይድ ጎልቶ እንዳይታይ ያግዛሉ፤ በባለሙያ የሚሠሩት ፒሊንግ፣ ማይክሮኒድሊንግና ሌዘርም እንዲሁ። እነዚህም ቢሆኑ በአንድ ቀጠሮ አያልቁም፤ ለእንደኛ ዓይነት ቆዳ ካልተመጠኑ ደግሞ ጥቁር ምልክት ሊተዉ ይችላሉ።

ስቴሮይድ የተደባለቀበት ክሬም መጀመሪያ ያሳምራል። ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሲያቆሙት ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ርካሹ ብልቃጥ ያኔ ነው የሚወደደው።

እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም አማክሩ፤ አለርት ሆስፒታልም የቆዳ ሕክምና አለ። እኔ ብልቃጧን መለስኳት። ሻጩ ግን «ግዴለም፣ ሌላዋ ትወስዳታለች» አለኝ። ያሳሰበኝም ይኸው ነው።