ከመባረር በፊት መሰማት

ካራንቲናን የማያውቅ የወሎ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በጅዳ ደቡባዊ ክፍል፣ ከወደቡ አጠገብ የነበረ ሰፈር ነው። ሐጃጆች በመርከብ በሚመጡበት ዘመን በሽታ ይዘው እንዳይገቡ የሚቆዩበት ማቆያ እዚያ ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። እኛ በደረስንበት ጊዜ የቻድ፣ የናይጄሪያ፣ የየመን፣ የኤርትራና የኢትዮጵያ ልጆች ተጠጋግተው የሚኖሩበት፣ መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ ያረጀ ሰፈር ሆኖ ነበር። ከአረብ ቤት የወጣች ልጅ፣ በባህር አቋርጦ ጂዛን የገባ ጎረምሳ፣ ዑምራ ብሎ መካ ገብቶ የቀረ ሽማግሌ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እዚያ ይገናኝ ነበር። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ለሌለው ሰው ቤት የሚያከራይ በሌላው ሰፈር አይገኝም ነበር።

እኔም ከአሠሪዬ ከማዳሜ ቤት ወጥቼ የተጠጋሁት ካራንቲና ነው። ሁላችን «እትዬ» የምንላቸው የባቲ ሴት በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገሩ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ያስረክቡ ነበር፤ ማቡካቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ጤፍ ውድ ስለሆነ ከማሽላና ከፉርኖ ዱቄት ጋር ይደባለቃል። በር ላይ ሁልጊዜ ጠባቂ አለ። «ጀዋዛት!» (የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ከተባለ ምጣዱ ከሶኬት ይነቀላል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሁላችንም ግድግዳ ተጠግተን ትንፋሻችንን እንይዛለን። የእርሾውን ሽታ ግን የምንደብቅበት ቦታ አልነበረንም፤ እትዬ አላህ የፖሊሶቹን አፍንጫ እንዲዘጋልን ዱዓ ያደርጉ ነበር።

ዛሬ ደሴ ውስጥ ጥብቅና ላይ ነኝ። ከተመለስኩ በኋላ ሕግ ተማርኩ፤ ምክንያቱም ስያዝ ያጣሁት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ዜና «ወረቀት የሌለው ሰው ከመባረሩ በፊት ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት አለው ወይስ የለውም?» በሚል ክርክር ሲሞላ፣ ጉዳዩ የሩቅ ሰዎች ጭቅጭቅ መስሎ አልታየኝም። ካራንቲና ውስጥ ማታ ማታ ስንነጋገርበት የነበረ ነገር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የእኔን ነገር ልናገር። ከማዳሜ ቤት የወጣሁት የብዙ ወር ደመወዝ ስላልተከፈለኝ ነው። እንደወጣሁ ከፊሌ፣ ማለትም ሕጋዊ አሠሪዬ፣ «ሁሩብ» ብሎ አስመዘገበኝ፤ ጠፍታለች ማለት ነው። በዚያች ምዝገባ ኢቃማዬ ከሰመ፣ ገንዘቤን ጠያቂ የነበርኩት ሴት ጥፋተኛ ሆንኩ። በመጋቢት 2017 «ጥሰት የሌለባት ሀገር» የተባለው ዘመቻ ታወጀ። በፈቃዱ የሚወጣ ቅጣት አይከፍልም ተባለ፣ ቀነ ገደቡም ተራዘመ። ብዙዎች ወጡ። እኔ ገንዘቤን ትቼ መሄድ አልሆንልኝ ብሎ ቀረሁ። በኅዳር አሰሳው ሲጀመር ተያዝኩ። የተጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ኢቃማ?» የለኝም። ወደ አውቶቡስ። ተርሂል (የተባራሪዎች ማቆያ) ገብቼ አሻራ የሚያነሳውን ሰው በተሰባበረ አረብኛዬ «ደመወዜ አለ፣ ሰውየው ገንዘቤን ይዟል» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ጣቴን ይዞ መስታወቱ ላይ ጫን አደረገው። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበር። ያ አሻራ ተመልሼ እንዳልገባ አደረገኝ፤ ገንዘቡም እዚያው ቀረ።

ሳውዲ ማንን ማስገባት፣ ማንን ማስወጣት እንዳለባት የመወሰን ሥልጣን የላትም አልልም፤ ማንኛውም ሀገር አለው። የእኔ ቅሬታ መባረሬ አይደለም፤ ሳልሰማ መባረሬ ነው። ሁለቱን መለየት የተማርኩት ኋላ ነው። የሚገርመው የሳውዲ ሕግ ራሱ ይህን ልዩነት ያውቃል። የ1992ቱ መሠረታዊ የአስተዳደር ሕግ አንቀጽ 36 ለዜጎችም ለነዋሪዎችም ደኅንነት ይሰጣል፣ ያለ ሕግ ማንም አይያዝም ይላል። አንቀጽ 47 ደግሞ ዜጋውም ነዋሪውም በፍርድ ቤት የመክሰስ መብታቸው እኩል ነው ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ «ነዋሪ» የመባሉ ቁልፍ በአሠሪው እጅ መሆኑ ነው። የከፋላ ሥርዓት ማለት ይኸው ነው፤ የሚከሰሰው ሰው የከሳሹን ሕጋዊነት ሊያጠፋው ይችላል። በመጋቢት 2021 ሠራተኛ ያለ ከፊሉ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር የሚያስችል ማሻሻያ ሥራ ላይ ዋለ፤ የቤት ሠራተኞች፣ የቤት ሹፌሮች፣ አትክልተኞችና የእርሻ ሠራተኞች ግን አልተካተቱበትም። ከእኛ ሀገር የሚሄዱት ሴቶች አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው።

አሜሪካኖቹስ? ሕግ ስማር ልቤን የነኩት ሁለቱ ፍርዶች የቻይናውያን ነበሩ። የመጀመሪያው የልብስ ማጠቢያ ጉዳይ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በእንጨት ቤት ልብስ ለማጠብ የከተማው ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ። ወደ 200 የሚሆኑ ቻይናውያን ጠይቀው ተከለከሉ፤ ቻይናውያን ካልሆኑት 80 ገደማ አመልካቾች ግን ከአንድ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ዪክ ዎ በሚል ስም የሚታወቀው አጣቢ ተከራከረ፤ በ1886 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕገ መንግሥቱ እኩል ጥበቃ ለዜጎች ብቻ ሳይሆን በሀገሩ ምድር ላለ ሰው ሁሉ ነው ብሎ ፈረደለት። ሁለተኛው የዎንግ ዊንግ ጉዳይ ነው። ዎንግ ዊንግና ሦስት ጓደኞቹ ያለ ፈቃድ ተገኛችሁ ተብለው፣ በመደበኛ ችሎት ሳይዳኙ፣ ዲትሮይት ውስጥ 60 ቀን ከባድ ሥራ ታስረው እንዲሠሩና ከዚያ እንዲባረሩ ተወሰነባቸው። በግንቦት 1896 ፍርድ ቤቱ እንዲህ አለ፤ ማስወጣት ይቻላል፣ ያለ ፍርድ መቅጣት ግን አይቻልም። እኔ ተርሂል ውስጥ የማውቃቸው፣ ማንም ሳይከሳቸው ለወራት የተቀመጡ ልጆች ትዝ አሉኝ።

ይህን ስል ያን ፍርድ ቤት ጻድቅ ለማድረግ አይደለም። ያው ፍርድ ቤት ለዎንግ ዊንግ በፈረደበት በዚያው ዕለት ጥቁርና ነጭ በተለያየ የባቡር ፉርጎ ይቀመጡ የሚለውን የሉዊዚያና ሕግ አጽድቋል። መብት ለእነዚያ ቻይናውያን ከላይ እንደ ዝናብ አልወረደላቸውም። ሰዎች ተከራክረው፣ ተሸንፈው፣ ደግመው ተከራክረው ያገኙት ነው።

ከሁሉም ደጋግሜ የማነበው ግን የሉዊስ ፖስትን ታሪክ ነው። በ1919 እና በ1920 የፍትሕ ሚኒስትሩ ፓልመር በሺህ የሚቆጠሩ የውጭ ተወላጆችን «አደገኞች ናችሁ» ብሎ፣ ብዙዎቹን ያለ ማዘዣ አስያዘ። ማባረሪያውን የሚፈርመው ግን የሠራተኛ ሚኒስቴር ነበር፤ ያኔ ተጠባባቂ ኃላፊው ፖስት ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነበር። መዝገቡን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። ማስረጃ የሌለበትን፣ ሰውየው ጠበቃ ሳያገኝ ቃሉን የሰጠበትን፣ ስሙ በስህተት የገባበትን እየለየ ከአንድ ሺህ በላይ የማባረሪያ ትዕዛዝ ሰረዘ። ምክር ቤቱ ሊከሰው ተነሣ፤ ቀርቦ ተከራከረ፣ ክሱም ከሸፈ። የአሜሪካ የዜጎች ነጻነት ኅብረት የተመሠረተውም በዚያው በ1920 ነው። ፖስት ያደረገው ሌላ ምንም አይደለም፤ አነበበ። እኔ አሻራ በሰጠሁበት ጠረጴዛ ላይ የጎደለው ይህ ነው።

በ2025 የሆነውም በዚህ መስመር ነው የሚታየኝ። መጋቢት 15 ቀን የትራምፕ መንግሥት ከ200 በላይ ቬኔዝዌላውያንን፣ አብዛኞቹን የ1798ቱን የጦርነት ዘመን ሕግ ጠቅሶ፣ የወንበዴ ቡድን አባላት ናቸው በማለት በአውሮፕላን ጭኖ ኤል ሳልቫዶር እስር ቤት አስገባቸው። ብዙዎቹ ክሱን የመቃወም ዕድል አላገኙም። በዚያው ቀን ከተላኩት መካከል መንግሥት ራሱ «በስህተት ነው» ብሎ በፍርድ ቤት ያመነለት አንድ የሜሪላንድ ነዋሪ የሆነ ኤል ሳልቫዶራዊ ነበር። ሰውየው በሰኔ እንዲመለስ ተደረገ፤ እስከዚያ ግን በር ተዘግቶበት ከርሟል። ሚያዝያ 7 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌሎች ነጥቦች ቢከፋፈልም፣ ተያዦቹ አስቀድሞ ሊነገራቸውና ሊከራከሩ ይገባል በሚለው ላይ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተዋል።

«ወንበዴ ከሆኑ ምን ይከራከራሉ?» የሚሉ ወንድሞች ደሴ ውስጥም ገጥመውኛል። ወንበዴ መሆናቸውን ማን አየ? መንግሥት ሲሳሳት የሚታወቀው ሰውየው አፍ ሲያገኝ ነው። «እነዚህ ዜጎች አይደሉም» የሚለው ክርክር ደግሞ እኔን በቀጥታ ይነካኛል፤ እኔም ዜጋ አልነበርኩም።

የውጭ መንግሥት ይናገርልናል ብዬም አልጠብቅም፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ሳውዲን ደጋግመው ጎብኝተዋል። ትራምፕ በግንቦት 2017፣ ያ ያለ ቅጣት መውጫ የምሕረት ጊዜ በሚቆጠርበት ወቅት፣ ሪያድ ላይ ለሌሎች ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ልንሰብክ አልመጣንም ብለው ተናገሩ። ባይደን ለምርጫ ሲወዳደሩ ሳውዲን አገልላታለሁ ብለው ነበር፤ በሐምሌ 2022 ጅዳ መጥተው አልጋ ወራሹን በጡጫ ሰላምታ ሰጡ። ያ ሰላምታ በተሰጠበት ጊዜ ካራንቲና ፈርሶ ነበር። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ የጅዳ ማዘጋጃ ቤት የከተማዋን አሮጌ ሰፈሮች በተርታ ሲያፈርስ ነበር። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ተነክቷል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2022 እንደገለጸው ከተፈናቀሉት 47 በመቶው የውጭ ዜጎች ሲሆኑ የካሳው ዕቅድ እነሱን አያካትትም። እትዬ በስልክ እንደነገሩኝ መጀመሪያ የመጣው ቀለም ነው፤ ግድግዳው ላይ በቀይ «ልቀቁ» ተብሎ ተጻፈ። ምጣዱን ተሸክመው መካ ወደሚኖሩ ዘመዶቻቸው ሄዱ። ለማን አቤት ይሉ ነበር? አቤት ማለት ራስን ማስያዝ ነው።

ከዚያ የከፋም አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች ገድለዋል ብሏል፤ የሳውዲ መንግሥት ክሱን ሐሰት ነው ብሎ አስተባብሏል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ልጽፍ አልችልም፤ ከመንደሬ የቀሩ አሉ።

የእኛ መንግሥትም ተጠያቂ ነው። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ፣ ከግንቦት 2017 እስከ መጋቢት 2019 ደግሞ 260,000 ገደማ ዜጎቻችን ከሳውዲ ተመልሰዋል። አውሮፕላን መላክ፣ ብስኩትና ውኃ ማደል መልካም ነው። ግን ከሳውዲ ጋር ስምምነት ሲፈረም «ከመሳፈሩ በፊት ያልተከፈለ ገንዘብ እንዳለው ይጠየቅ፣ ቃሉ ይመዝገብ፣ ውክልና ይፈርም» የሚል አንቀጽ ቢገባ ምን ይከብዳል? ደግሞ በሰው ሀገር የምንጠይቀውን በገዛ ሀገራችን ልናከብረው ይገባል። የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ በእኛ በአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት የተያዘ ልጁን ሲፈልግ የከረመ አባት ስንት እንደሆነ እናውቃለን።

ቢሮዬ የሚመጡ ተመላሾችን መጀመሪያ የምጠይቃቸው የከፊላቸውን ሙሉ ስም ነው። ብዙዎቹ «ባባ» ወይም «አቡ መሐመድ» ይሉኛል። ሁለት ዓመት የሠሩበትን ቤት የበሩን ቀለም ያስታውሳሉ፤ ሰፈሩን አያውቁትም። ኮንትራቱ የነበረበት ስልክ ሲያዙ ተወስዷል። በዚህ ላይ ክስ መመሥረት አልችልም፤ ይህን ስነግራቸው የሚያዩኝ አስተያየት እስከ ማታ አይለቀኝም። ደመወዝ በባንክ እንዲከፈል የሚያስገድድ አሠራር ሳውዲ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ ለቤት ሠራተኞች ደረጃ በደረጃ ሲገባ ቆይቷል፤ ይህ ማስረጃ ይተዋል። በኮንትራት ያልሄደውንና ከቤት የወጣችውን ግን አይደርስላቸውም።

ስለዚህ ልጅ፣ እህት ወይም ሚስት ጅዳ ወይም መካ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ስትደውሉ የኢቃማዋን ፎቶ፣ የኮንትራቱን እያንዳንዱን ገጽ፣ የከፊሏን መታወቂያ ቁጥርና የመጨረሻ ደመወዟ የተከፈለበትን ቀን እንድትልክላችሁ ጠይቁ። ሀገር ቤት ባለ ስልክ ላይ ይቀመጥ። ውክልና መስጠት ከቻለች ሳትያዝ ትስጥ። አንድ ቀን መዝገብ የሚያነብ ሰው ሲገኝ፣ የሚነበብ ነገር ይኑራት።