የተቀነሰው ወጪ ወዴት ሄደ?

በጓደኞቻችን መካከል ስለ አንድ ድርጅት ኪሣራ ወሬ በተነሣ ቁጥር «ለሠራተኛው የሚሰጠው ጥቅም ይቀነስ» የሚለው ፍርድ ፈጥኖ ይሰማል። የሒሳብ ሊቃውንት ባንሆንም፥ ጥቅም ተቀነሰ ሲባል ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የአሜሪካንን ፖስታ ቤት ታሪክ ማየት ይበቃል ብለን ይህን አቀረብን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ፖስታ ቤት ከ600,000 በላይ ሠራተኞች አሉት። የመንግሥት ንብረት ይሁን እንጂ የሚተዳደረው ከግብር በሚመደብለት ገንዘብ ሳይሆን ከቴምብርና ከጥቅል መላኪያ በሚያገኘው ገቢ ነው። በ2006 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ሕግ፥ ሠራተኞቹ ጡረታ ሲወጡ ለሕክምና መድናቸው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከወዲሁ እንዲያስቀምጥና እስከ 2016 ድረስ በየዓመቱ 5.5 ቢሊዮን ያህል ዶላር እንዲከፍል አዘዘው። አስቀድሞ ማስቀመጡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ዕድርተኛ የሆነ ሁሉ የመዋጮን ጥቅም ያውቃል። ነገር ግን የረጅም ዘመኑን መዋጮ በዐሥር ዓመት አጠናቅቀህ ክፈል የሚባል ዕድርተኛ ቤቱን ሳይሸጥ አይቀርም። (አንዳንዶች «ገና ላልተወለዱ ሠራተኞች ጭምር ክፈል ተባለ» ይላሉ፤ ይህ ማጋነን ነው፤ ዕዳው የተሰላው በሥራ ላይ ላሉትና ጡረታ ለወጡት ነበር።)

ጊዜውም የከፋ ሆነ። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ደረሰ፤ ደብዳቤ ጸሐፊውም ወደ ኢሜል ዞረ። በ2012 ፖስታ ቤቱ መክፈል አቃተው። በዚያ ዓመት የተመዘገበው ኪሣራ 15.9 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ 11.1 ቢሊዮኑ ይኸው የመድን ዕዳ ነበር። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ግን ያየው ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ ስለ ነበረ፥ ደብዳቤ አዳዮቹ በስንፍና መሥሪያ ቤቱን ያከሰሩት መሰለው። አለቆቹም ሠራተኞቹን ከመንግሥት የጤና መድን አውጥተው በራሳቸው መድን ሊያስገቡ ሐሳብ አቀረቡ፤ ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። ሠራተኞቹ በሕግ አድማ መምታት የተከለከሉ ስለ ሆኑ ያላቸው መሣሪያ ማኅበራቸውና ድርድር ነበር።

መፍትሔው የመጣው በአፕሪል 2022 ጆ ባይደን በፈረሙት ሕግ ነው። ሳይከፈል የቆየው 57 ቢሊዮን ያህል ዶላር ተሰረዘ፤ አስቀድሞ የማስቀመጡም ትእዛዝ ቀረ። ከዚህ ጋር ግን ሌላ አንቀጽ ገባ፤ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ 65 ዓመት ሲሞላው የፖስታ ቤቱን መድን እንደ ያዘ ለመቆየት ከፈለገ፥ ሜዲኬር በሚባለው የአረጋውያን መድን ሐኪም የሚከፈልበት ክፍል መመዝገብ አለበት። በዚያን ጊዜ ያለ ሜዲኬር ጡረታ ላይ የነበሩትና 64 ዓመት የሞላቸው ሠራተኞች አይገደዱም። የሕክምናውን ሒሳብ በመጀመሪያ የሚከፍለው ሜዲኬር ስለሚሆን የፖስታ ቤቱ ሸክም ይቀላል።

እንግዲህ ወጪው ተቀነሰ ወይስ ቦታ ለወጠ? በእኛ አስተያየት አብዛኛው ቦታ ለወጠ። ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው፤ መድኃኒቱም ያው ነው። የማኅበሩ መሪዎች ሕጉን የደገፉት ሠራተኛው ከ1983 ጀምሮ ለሜዲኬር ከደመወዙ ግብር ሲከፍል ኖሮ ጥቅሙን የሚተውበት ምክንያት የለም ብለው ነው፤ ይህም ሚዛን የሚደፋ ክርክር ይመስለናል። ሆኖም ፖስታ ቤቱ በዚህ አልዳነም፤ በ2024 የበጀት ዓመት 9.5 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል፤ መደበኛው ደብዳቤም በ2001 ከነበረው ከግማሽ በታች ወርዷል። አዲሱ ጡረተኛ ደግሞ ለዚያ ለሜዲኬር ክፍል በ2025 በየወሩ 185 ዶላር ከኪሱ ይከፍል ነበር።