ከሕክምና ክፍል እስከ ቡና ማሳ፦ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ድጋፍ በጌዴኦ ዞን

ልዩ ፍላጎት ላላቸው ሰዎች የሚደረግ ድጋፍ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በታከሙ ሕፃናት ወይም በተመዘገቡ ተማሪዎች ቁጥር ነው። ይህ መለኪያ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይዘላል፤ ሕፃኑ አድጎ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ማን ይረከበዋል? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከጌዴኦ ዞን ነባራዊ ሁኔታ አንጻር ይመለከታል።

የድጋፉ ዕድሜ ልክ መዝለቅ ከጉዳቱ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ለምሳሌ ሴሬብራል ፓልሲን ያስከተለው የአንጎል ጉዳት እየጨመረ አይሄድም፤ ነገር ግን አጥንት ሲረዝም ጡንቻ ይከረራል፣ መገጣጠሚያም ይደርቃል። ስለዚህ በልጅነት የተጀመረ ፊዚዮቴራፒ ሲቋረጥ የተገኘው ለውጥ ሊጠፋ ይችላል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ተሐድሶ በተቻለ መጠን ቀደም ብሎ እንዲጀመር፣ ትምህርትም የዕድሜ ልክ እንዲሆን ይደነግጋል።

በጌዴኦ የመጀመሪያው ፈተና ርቀት ነው። ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ የሚገኙት በዲላ ከተማ ሲሆን፣ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው ግን በተራራማ ገጠር ቀበሌዎች ነው። ልጇን አዝላ ቁልቁለት የምትወርድ እናት በየሳምንቱ መመላለስ አትችልም። በመሆኑም የሕክምናው ዋና ክፍል ወደ ቤት መግባት ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው የተንከባካቢዎች ሥልጠና የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ መመገብ፣ መልበስና መጫወት የመግባቢያና የመማሪያ አጋጣሚዎች ይሆናሉ። ቤተሰቡ ጌዴኡፋ የሚናገር ከሆነ፣ ልጁ የሚለማመዳቸው ቃላትም የዚያው ቋንቋ ሊሆኑ ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና ከትምህርት ቤት በኋላ የሚመጣው ባዶነት ነው። በዚህ ረገድ አካባቢው ራሱ ሀብት አለው። መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እንሰት፣ ቡናና ዛፍ ተደጋግፈው የሚለሙበት ነው፤ ሥራውም በትንንሽ ደረጃዎች ሊከፋፈል ይችላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወጣት በመጀመሪያ ቀዩን የቡና ፍሬ ከአረንጓዴው መለየት፣ ቀጥሎ ከአንድ ቅርንጫፍ ቀዩን ብቻ መልቀም፣ በመጨረሻም በማድረቂያ አልጋ ላይ እንከን ያለበትን ለይቶ ማውጣት ሊማር ይችላል። እያንዳንዱ ደረጃ እጅን፣ ዓይንንና ትዕግሥትን ያሠለጥናል። ሆኖም ወጣቱ እንደማንኛውም ለቃሚ የድካሙን ዋጋ ካላገኘ፣ ሥልጠናው ወደ ብዝበዛ ይለወጣል።

እነዚህን ደረጃዎች የሚያያይዘው ርክክብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የልጁን ችግር ቀድማ ብትለይም መረጃው መምህሩ ዘንድ ካልደረሰ፣ ትምህርት ቤቱ የተናጠል የትምህርት ዕቅድ ቢያዘጋጅም ዕቅዱ ከምረቃ ጋር ከተዘጋ፣ ቤተሰቡ በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል። ቤተሰቡ ዘንድ የሚቀመጥ አንድ ደብተር፣ ልጁ ምን እንደሚችል፣ በምን እንደሚግባባና ቀጥሎ ምን መማር እንዳለበት ከሕክምና ወደ ትምህርት፣ ከትምህርትም ወደ ሥራ ሊያሻግር ይችላል። ብዙ ወላጆችን የሚያስጨንቀው «እኔ ስሞት ልጄን ማን ያየዋል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ደብተሩ ብቻውን ጥያቄውን አይመልስም፤ ነገር ግን ልጁን የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ እንዳይሆን ያደርጋል።